ከካምፕ የቀረ ካውካሲያን ውሻ ደሴ ልናስገባ ነው፤ አመጋገቡንና አያያዙን የምታውቁ እርዱን

የሆጤዋ

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ላይ ሥራው ያለቀ አንድ የፕሮጀክት ግቢ ውስጥ ባለቤቱ ትቶት የሄደ ካውካሲያን ውሻ ወደ እኛ ቤት ሊመጣ ነው። ወንድ ነው፤ ጥርሱን ያየው ሐኪም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ገምቶታል። በእህል ሚዛን 46 ኪሎ መዝኗል፣ ቁመቱ እስከ ትከሻው 74 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚያ ሁሉ ጸጉር ውስጥ የጎድን አጥንቱ በእጅ ይቆጠራል። በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ስለኖረ አንገቱ ዙሪያውን ቆስሏል። የክትባት ወረቀት የለውም። እስካሁን ሲበላ የቆየው ዘበኞቹ የሚጥሉለትን የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪ ነው።

ግቢያችን 12 በ15 ሜትር ነው፤ አጥሩ ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት። የአምስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አሉ፣ አያታቸውም አብረውን ይኖራሉ። ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው፣ ደጃችን የመስጊድ መንገድ ነው፤ እነሱን ማስቀየም በፍጹም አንፈልግም። ማታ ማታ ደግሞ ጅብ እስከ አጥሩ ይመጣል።

ምን ያህል ምን ይብላ? ይታሰር ወይስ ይለቀቅ? ከልጆቹ ጋር እንዴት ይገናኝ? ከመምጣቱ በፊት ምን መዘጋጀት አለበት? በልኩ የምታውቁትን ንገሩን።


ገራዶ ቬት

አብሽሪ እህቴ፣ ይህ ውሻ ይድናል። ግን በመጣበት ማታ አዝናችሁለት አንድ ትሪ ሙሉ ብታቀርቡለት ልትገድሉት ትችላላችሁ፤ ስለዚህ ከምግቡ ልጀምር።

ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል የራሱን ስብና ጡንቻ እያነደደ ነው የሚቆየው። ድንገት ብዙ ምግብ፣ በተለይም እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ሲገባለት ኢንሱሊኑ ከፍ ይልና በደሙ ውስጥ የቀረውን ጥቂት ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ጠርጎ ወደ ሴሎቹ ያስገባዋል። ያኔ ልቡና የመተንፈሻ ጡንቻው ይዝላሉ፣ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈርሳሉ። አደጋው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ መብላት በጀመረ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ውስጥ ነው። መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥ፣ በዕረፍት ላይ ሆኖ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ወይም ሻይ የመሰለ ሽንት ካያችሁ ምግቡን ወደ መጀመሪያው ቀን መጠን መልሱና በዚያው ሰዓት ሐኪም ጥሩ።

ልኩን በስልክ ማስላት ይቻላል። ክብደቱን ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ አባዢ (46 × 46 × 46)፣ የተገኘውን ሁለት ጊዜ ካሬ ሩት ውሰጂ፣ ከዚያ በ70 አባዢ። ወደ 1240 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል፤ ይህ ተኝቶ ቢውል እንኳን የሚያስፈልገው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የዚህን ሩብ፣ ማለትም ወደ 300 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ስጡት። ይህም ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና 150 ግራም ተቀቅሎ የደቀቀ ጨጓራ ሲሆን፣ ለአራት ተከፍሎ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰጣል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን እጥፉን፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ሦስት እጥፉን፣ ከሰባተኛው ጀምሮ አራት እጥፉን። ሩዝ የሚገባው ከሰባተኛው ቀን በኋላ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ጭብጥ አይብለጥ። የምታዩት ዓይን ያሳዝናል፣ ያለቅሳል፣ ሳህኑን ይልሳል፤ ጨክናችሁ በልኩ ሂዱ።

ከዚያ በኋላ የሚፈለገው በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መጨመር ነው። 60 ኪሎ ለመድረስ አራት አምስት ወር ይፈጃል፣ ከዚያ መፍጠን ለመገጣጠሚያዎቹ ጥሩ አይደለም። 60 ኪሎ ሲደርስና መንቀሳቀስ ሲጀምር የቀን ምግቡ ወደ 2400 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። እዚህ አገር በሚገኝ ነገር ሲሠራ፦ ከተቀቀለ በኋላ 1 ኪሎ የሚመዝን የጨጓራ፣ የሳንባና የልብ ቅልቅል፣ 600 ግራም የበሰለ ሩዝ፣ ሁለት እንቁላል፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የቀለጠ ሞራ። ጉበት በቀን ከ100 ግራም አይለፍ፤ የቫይታሚን ኤ ክምችቱ ከበዛ አጥንት ይጎዳል። ሥጋና ሩዝ ብቻ ደግሞ ካልሲየም ስለማይበቃው የእንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንደ ዱቄት ፈጭታችሁ በቀን አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨምሩ። ይህ ለአዋቂ ውሻ ነው። ለሚያድግ የትልቅ ዝርያ ቡችላ ካልሲየም በዘፈቀደ መጨመር አጥንቱን ያበላሻል፣ ምክንያቱም ቡችላ ትርፉን መግታት አይችልም።

የሆድ ዕቃ ጥሬውን በፍጹም። በእኛ አካባቢ በታረዱ ከብቶችና በጎች ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት በብዛት ይታያል። ያ የውሻ ትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ትንንሽ የኮሶ ዓይነት ትሎች ይሆናሉ፣ እንቁላላቸው በሰገራው ወጥቶ በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ለዓመታት እያደገ የሚሄድ እብጠት ይፈጥራል። ቋጠሮ ያለበትን ክፍል ቆርጣችሁ በጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ የቀረውን በትንንሹ ከትፋችሁ ውሃው ከፈላ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉት። ሙሉ ሳንባ ሲቀቀል ውሃው ላይ ስለሚንሳፈፍ መሃሉ ሳይበስል ይቀራል፤ መክተፉ ለዚህ ነው።

ለዚያው ትል ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ለ46 ኪሎ 230 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ለ10 ኪሎ አንድ ፍሬ ተብሎ የተዘጋጀ ኪኒን ከሆነ አምስት ፍሬ ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው አንዲት ፍሬ ሰጥቶ «መድኃኒቱ አይሠራም» ይላል። በየሦስት ወሩ ይደገማል፣ ጥሬ የሆድ ዕቃ የማግኘት ዕድል ካለው በየስድስት ሳምንቱ። ከተሰጠው በኋላ ለሁለት ሦስት ቀን ሰገራውን በአካፋ አንስታችሁ ቅበሩ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከመነሳቱ በፊት ኮምቦልቻ ላይ ይውሰድ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ የቆየ መሆኑን ጠይቁ፤ በኪስ ተይዞ የመጣ ክትባት ውሃ ነው። መከላከያው እስኪገነባ አንድ ወር ያህል ስጡትና በየዓመቱ አስደግሙ። እስከዚያ የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ። ውሻውን ደግሞ አትግደሉት፤ ለ10 ቀን ተዘግቶ ይታያል። በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከዋለ፣ ሲነክስ በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። የሰውየው ክትባት ግን 10 ቀን አይጠብቅም።

የአንገቱን ቁስል ዙሪያ ጸጉሩን ቁረጡ፤ አንዳንዴ የቀበቶው ቁራጭ ወይም ሽቦ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ይገኛል። አንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበትና ሲበርድ እጠቡት፤ ከዚያ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ የተበረዘ ፖቪዶን አዮዲን። ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝና የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታስነኩት፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰው ጉበቱን ይመርዘዋል። ለሕመሙ ብላችሁ የቤት ውስጥ ዲክሎፍናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል እንዳትሰጡት። በተለይ ዲክሎፍናክ የውሻን ጨጓራ ያደማል፣ በባዶ ሆድ ላይ ደግሞ ይበሳል።


በረኛው

ስለ ምግቡ ሐኪሙ ጨርሶታል። እኔ ስለ አጥሩና ስለ ጠባዩ።

መጀመሪያ ይህ ውሻ ምን እንደሆነ ይታወቅ። ካውካሲያን በካውካሰስ ተራሮች በግና ፍየልን ከተኩላና ከድብ ለመጠበቅ የተራባ ነው። እረኛው ተኝቶ እያለ ብቻውን ወስኖ እንዲሠራ ነው የተመረጠው። እንደ ጀርመን ሸፐርድ ትዕዛዝ ጠብቆ አይንቀሳቀስም። ማታ ይጮሃል፤ የሚጮኸው ሥራው ስለሆነ ነው። የግቢውን ሰው ይለያል፣ ሌላውን ሁሉ እስኪያጣራ ይከለክላል። ይህን አውቆ የሚቀበል ቤት ብቻ ነው ሊይዘው የሚገባው።

በሰንሰለት መልሳችሁ አትሰሩት። በአጭር የታሰረ ውሻ መሸሽ እንደማይችል ስለሚያውቅ የቀረው መንገድ መናከስ ብቻ ይሆናል፤ ታስሮ የኖረ ትልቅ ውሻ ልጅ የሚነክሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰንሰለቱ በሚደርስበት ክብ ውስጥ ነው። በምትኩ ከግቢው አንድ ጥግ 4 በ5 ሜትር አጥራችሁ አዘጋጁለት። ባለ 6 ሚሊ ሜትር የብየዳ መረብና አንግል ብረት ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራዋል። ቁመቱ 2 ሜትር፤ ከሥሩ 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ በድንጋይና በሲሚንቶ ሙሉት፣ አለበለዚያ በአንድ ሌሊት ከሥር ይወጣል። ለቆርቆሮው አጥርም እንዲሁ። የቆርቆሮው የታችኛው ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሆነ መዳፉን ይቆርጠዋል፤ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፉት ወይም እንጨት ምቱበት።

የብረት በሩ ዋናው ጉዳይ ነው። የሚታጠፍ እጀታ ካለው በመዳፉ ተጭኖ ይከፍተዋል፤ የሚሳብ መቀርቀሪያ በሁለት ቦታ፣ አንዱ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ላይ። ትልቅ ውሻ በሩን የሚገፋው በታች በኩል ነው፣ ከላይ ብቻ የተቆለፈ በር ከታች ይታጠፋል። አቅም ካላችሁ ከበሩ በስተውስጥ 1 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር የሆነ ሁለተኛ በር ያለው መግቢያ አሠሩ። ልጅ ውጫዊውን በር ከፍቶ ቢረሳ ውሻው መንገድ ላይ አይገኝም። ገንዘቡ የት ይዋል ብትሉኝ ከውሻ ቤቱም በፊት እዚህ ላይ ነው።

አንገቱ እስኪድን በአንገቱ ምንም አይታሰር። ለጋሪ ፈረስ ጠፍር የሚሰፉት ሰዎች የደረት ማሰሪያ ይሠሩላችኋል፦ ስፋቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጠፍር፣ የደረቱ ዙሪያ ተለክቶ ክብደት ሲጨምር እንዲሰፋ ስድስት ሰባት ቀዳዳ ያለው፣ ቀለበቱ በብየዳ የተዘጋ። ሲጠብቅ ሁለት ጣት ከሥሩ መግባት አለበት። ስፌቱን በየሳምንቱ እዩት፤ ጠፍሩ ሳይሆን ክሩ ነው ቀድሞ የሚበጠሰው። መጀመሪያ ሰሞን በሁለት ገመድና በሁለት ሰው አውጡት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አትጠጉት፣ አትደባብሱት፣ እንግዳ አታሳዩት። ምግብና ውሃ የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን፣ በአንድ ሰዓት። ሲበላ ሳህኑን መንካት የለም። «እንዲለምድ» ብሎ ከአፉ ሥር ሳህን የሚነጥቅ ሰው ውሻው ምግቡን በጥርሱ እንዲጠብቅ እያስተማረው ነው። በዚህ ፋንታ በአጠገቡ ስታልፉ ከያዘው የተሻለ ቁራጭ ወርውራችሁ እለፉ፤ ሰው ሲመጣ ምግብ እንደሚጨመር እንጂ እንደማይቀነስ ይገባዋል። ካጉረመረመ አትቆጡት። ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያ ነው፣ የተቀጣበት ውሻ ሁለተኛ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

የአምስት ዓመቱ ልጅ ከዚህ ውሻ ጋር ብቻውን አይሁን፤ ዛሬም፣ ከዓመት በኋላም። 60 ኪሎ ውሻ ሳይነክስ እንኳን በጅራቱና በትከሻው ሕፃን ይጥላል። ልጆቹ በመረቡ ውጭ ሆነው ቁራጭ መወርወር ይጀምሩ፤ ውሻው ከመረቡ ማዶ እንዳለ ሰውነቱ ሲላላ፣ ጅራቱ ሲወርድና ሲወዛወዝ፣ ዓይኑን ሲያርገበግብ ቀጣዩን ደረጃ አስቡ። አካሉ ደርቆ አፉን ገጥሞ አፍጥጦ የሚያይ ከሆነ ገና ነው። አያታቸው ደግሞ በትር የሚይዙ ከሆነ በትሩን መሬት ላይ በእርጋታ እያስነኩ ይለማመደው፤ የተመታ ውሻ ዱላ ሲነሳ ካየ ይዘላል።

ለጅቡ፦ ማታ ወደ መረቡ ግቢ ይግባና ይዘጋበት። አንድ ውሻ ምን ቢገዝፍ የጅብ መንጋ አይችልም፤ በአጥሩ ቀዳዳ እግሩን ከያዙት አይለቁትም። አጥንትና የምግብ ትርፍ ግቢ ውስጥ አታሳድሩ፣ ጅቡን የሚጠራው እሱ ነው።


ቦርከና ማዶ

አሰላሙ ዐለይኩም። ስለ ጎረቤቶችሽ ማሰብሽን ወድጄዋለሁ እህቴ። ለቤት ጥበቃ፣ ለከብትና ለአደን ውሻ መያዝ በሃይማኖታችን የተፈቀደ ነው፤ ጎረቤትን የሚያስጨንቀው ምራቁና እርጥበቱ ነው፣ ለሶላት የሚቆምበት ልብስ ላይ እንዳይነካ። ስለዚህ የምታስተካክሉት ነገር ግልጽ ነው። ከበሩ ሥር አፍንጫውን የሚያወጣበት ክፍተት ካለ በላሜራ እስከ መሬት ዝጉት። ውሻው ያለበትን የምታጥቡበት ውሃ ወደ ጎረቤት ደጅ እንዳይወርድ ቦይ አውጡለት። ሰገራው በየቀኑ ይነሳ። መውጫ ሰዓቱ ከሶላት ሰዓት ጋር አይግጠም፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ መንገዱ ጭር ይላል፣ ጅቡም የለም። ጁምዓ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጨርሶ አታውጡት። ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ራሳችሁ ሄዳችሁ ንገሯቸው፤ ሌሊት ሲጮህ ከሚሰሙት ቀድመው ከእናንተ አፍ ይስሙት። የሥጋውም ድስት፣ ቢላና መክተፊያ ለብቻው ይሁን፤ ይህ ለራሳችሁም ጤና ነው።

ሥጋ ቤቶችን በተመለከተ ደሴም ኮምቦልቻም ጾም ሲሆን የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ስለሚሠሩ የሆድ ዕቃ አይጠፋም። በአረፋ ሰሞን ግን ተጠንቀቁ፤ በየግቢው ስለሚታረድ ቋጠሮ ያለበት ሳንባ በየቦታው ይጣላል። ሐኪሙ የተናገረው ትል በዚያ ሰሞን ነው የሚዛመተው። ለጎረቤትም አስረዱ፣ ቆፍሮ መቅበር ምንም ወጪ የለውም።

ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ያ ውሻ በወፍራም ጸጉሩ ሲሰቃይ ነው የቆየው፤ ደሴ መውጣቱ ለእሱ ትልቅ እፎይታ ነው። መዥገሩን ግን ይዞ ነው የሚመጣው። ጆሮው ውስጥ፣ በጣቶቹ መካከል፣ በብብቱና በጅራቱ ሥር ፈልጉ፤ በወረንጦ ከቆዳው ተጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ አትጠምዝዙ፣ ጋዝ አታፍስሱበት። ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን በውሻ ላይ የሚያፈሱ አሉ፤ የተራበና የቆሰለ ውሻ በቁስሉ በኩል ይመጠውና በምራቅ ተጥለቅልቆ ይንቀጠቀጣል። ድዱ የነጣ ወይም አፍንጫው የሚደማ ከሆነ ከመዥገር የሚመጣ የደም በሽታ ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ስላለ ከመነሳቱ በፊት የደምና የሰገራ ምርመራ ማድረግ ይቻል እንደሆነ የሚያየው ሐኪም ይጠይቅላችሁ።

ጉዞው፦ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ መጠማዘዣው ያስመልሰዋል፣ ስለዚህ ከጉዞው በፊት ለስድስት ሰዓት አይብላ፤ ውሃ ይጠጣ። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጡ፣ ከዚያ በኋላ ይሞቃል። በዕቃ መጫኛ ክፍት መኪና ከሆነ በደረት ማሰሪያው ሁለት በኩል በአጭሩ ይታሰር፤ ገመዱ ከረዘመ ዘሎ ይንጠለጠላል። ከሥሩ ላስቲክ ብቻ ሳይሆን ምንጣፍ አንጥፉ፣ የሚንሸራተት ውሻ ይደነግጣል።


የሆጤዋ

አላህም እግዚአብሔርም ይስጣችሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ሲበላ አያኝክም፣ ይውጠዋል፤ ከዚያ ሆዱ ይነፋል። ይህ ያ ገዳይ የሚሉት ነገር ነው? ደግሞ እንጀራ እስከ መቼም አይሰጠው ማለት ነው? ማደሪያው በረንዳ ላይ ሴራሚክ ነው፣ ችግር አለው?


ገራዶ ቬት

ከበላ በኋላ ትንሽ ተነፍቶ፣ አግስቶ፣ ተኝቶ የሚቀንስ ከሆነ ጋዝ ነው። ገዳዩ ሌላ ነው፦ ጨጓራው በጋዝ ይወጠርና በራሱ ዙሪያ ይጠመዘዛል፣ መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል፣ የደም ሥሩም ይታነቃል። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ግዙፍ ውሻ ሁሉ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ዋናው ምልክት ደጋግሞ ለማስመለስ እየሞከረ ከነጭ አረፋ በቀር ምንም አለመውጣቱ ነው። መቀመጥም መተኛትም ያቅተዋል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ በግራ በኩል እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ድዱ ይነጣል። ጸጉሩ ብዙ ስለሆነ እብጠቱ በዓይን ላይታይ ይችላል፣ በእጅ ዳስሱ። ሰዓታት ብቻ ናቸው ያሉት፣ መዳኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ለተነፋ ላም የሚደረገው ዘይት ማጠጣት እዚህ አይሠራም፤ መግቢያው ስለተጠመዘዘ ዘይቱ ወደ ሳንባው ይገባል። ውሻው ከመምጣቱ በፊት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍልንና የከተማውን የግል ሐኪሞች ጠይቁ፦ ሌሊት የሚደወልለት ማን ነው፣ ውሻ ቀዶ የሚያደርግ ማን ነው? ስልኩን በር ላይ ለጥፉት።

ለመከላከል ምግቡን ለሦስት ከፍላችሁ ስጡ፣ ከበላ በኋላ ሁለት ሰዓት አይሩጥ። ፍጥነቱን ለመቀነስ ሳህኑ መሃል ከአፉ የሚበልጥ ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ አስቀምጡ፤ ዙሪያውን እየፈለገ ይበላል። አነስተኛ ድንጋይ ግን ይውጠዋል። ሳህኑ መሬት ላይ ይሁን። ከፍ ያለ ማስቀመጫ ይረዳል የሚባለው የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተቃራኒው ነው የታየው፣ አደጋው ጨምሯል። ለማስኮላሸት ካሰባችሁ በዚያው ማደንዘዣ ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳ ጋር መስፋት ይቻላል፤ የሚችል ሐኪም ካገኛችሁ ይህን አትለፉት።

ማደንዘዣ ካነሳን፦ ሐኪሙ የአንገቱን ቁስል ለመስፋት ዛይላዚን የተባለውን ማደንዘዣ የሚሰጠው ከሆነ ውሻው ግዙፍና ከሲታ መሆኑን ለሐኪሙ አስታውሱት። የክብደት እጥፍ የመድኃኒት እጥፍ አይደለም፤ ያ በስልክ ያሰላችሁት ቀመር እንደሚያሳየው ክብደቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን አካሉ የሚጠቀመው 1.7 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ዛይላዚን በተጨማሪ በትላልቅ ውሾች ጨጓራ ውስጥ አየር ያከማቻል። ቁስሉ በማደንዘዣ ጠብታና በአፍ ማሰሪያ መታጠብ ከቻለ እሱ ይሻላል።

እንጀራው ራሱ ችግር የለውም፤ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ደረቁን በሩዙ ፋንታ መስጠት ይቻላል። ችግሩ ወጡ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፣ ጥሬም ይሁን የተቁላላ። በአንድ ቀን ላይታይ ይችላል፣ በየቀኑ ወጥ የነካው ፍርፋሪ የሚበላ ውሻ ግን ቀስ በቀስ ደሙ ያልቃል። ይህ ውሻ ለወራት የኖረው በዚያ ስለሆነ የድዱን ቀለም ዛሬውኑ እዩት። ዘቢብ፣ ቸኮሌትና የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም አይቅመስ።


በረኛው

ሴራሚኩ ችግር አለው። ግዙፍ ውሻ ሲነሳ የኋላ እግሩ ከተንሸራተተ ዳሌው ይጎዳል፣ ይህ ዝርያ ደግሞ የዳሌ ችግር በተፈጥሮው ያጠቃዋል። የሚሄድበት መንገድ ላይ ሁሉ የጎማ ምንጣፍ ወይም የተሰፋ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፉ፣ ጠርዙን በክብደት ያዙት።

መኝታው 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ስፖንጅ ይሁን፤ ልኩ 1 ሜትር ከ30 በ90 ሳንቲ ሜትር፣ በሸራ ተሰፍቶ የሚታጠብ። ስስ ከሆነ ክርኑ መሬት ይነካና መጀመሪያ ይጠጥራል፣ ቀጥሎ ውሃ ይቋጥራል። ገለባ ርካሽ ነው፣ ግን እርጥበት ይይዛል፣ ቁንጫም ያረባል። ከሥሩ የእንጨት ርብራብ አድርጋችሁ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። የቤቱ አፍ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ፊት ለፊት አይሁን። ጤነኛ ካውካሲያን የደሴ ብርድ አይነካውም፤ ይህኛው ግን ከቆዳው ሥር ስብ ስለሌለው ክብደት እስኪያነሳ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በረንዳው በሸራ ይጋረድለት፣ አሮጌ ብርድ ልብስም ይጨመርለት።

ጸጉሩን እንዳትላጩት። የተጠላለፈውን ክፍል ብቻ በመቀስ ከፍታችሁ አበጥሩ፤ ከጆሮ ኋላ፣ ከጭኑ ኋላና ከሆዱ ሥር ነው የሚጠላለፈው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሳይደርቅ ከዋለ ከተጠላለፈው ሥር ቆዳው ይቆስላል፣ ሽታ ከመጣ እዚያ ፈልጉ። ውሃው ደግሞ በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ ቧንቧ በማይመጣበት ቀን ለእሱ ብቻ የተቀመጠ አንድ ጀሪካን ይኑር።